የጥርስ ሐኪሙ አምፕሊፋየር

ቅዳሜ 2

ገዛሁት! ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ግን ራሴን ታዘብኩት። ታክሲው ውስጥ ሆኜ በየመብራቱ ወደ ኋላ እየዞርኩ አለ ወይ እያልኩ አየዋለሁ፤ የት ሊሄድ እንደሆነ እንጃ።

ከሦስተኛ ፎቅ ያወረድነው ለሦስት ነው፤ እኔ፣ ባለታክሲውና ባለንብረቱ ራሳቸው። ባለንብረቱ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። "ዶክተር፣ እርስዎ ይተዉት፣ ወገብዎን ያስቡ እንጂ" ብላቸው፣ "ሃያ ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ዕቃ ከቤት ሲወጣ እጄን ኪሴ ከትቼ ልይ?" አሉኝ። ወደ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። እዚያ ለእሳቸው አልጋ እንጂ ለእሱ የሚሆን ቦታ የለም አሉ።

እንዲህ ዓይነቱን አምፕሊፋየር ወጣት ሳለሁ በመጽሔት ላይ ብቻ ነበር የማየው። ገጹን ቆርጬ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌው ነበር። ፊቱ ላይ ጎን ለጎን ሁለት መስኮቶች አሉት፤ በየመስኮቱ አንድ አንድ መርፌ። አንዱ መርፌ የግራውን ስፒከር ጉልበት ያሳያል፣ ሌላው የቀኙን። ዶክተሩ "ቁጭ በልና ደህና አድርገህ ስማው፤ ሳትሰማ እንዳትወስድ" ብለው ወንበር ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ግን ታክሲው ታች ቆሞ ስለነበር አንድ ሙዚቃ እንኳ አላስጨረስኳቸውም። "ዶክተር፣ እኔ እኮ በጆሮዬ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል" ብዬ ጎረርኩባቸው።

ባለቤቴ በር ከፍታ ስታየው፣ "ይሄ ማጫወቻ ነው ወይስ ምድጃ?" አለች። ቢሆንም አንዱን ጫፍ ይዛ አስገባችልኝ። አመሰግናታለሁ።

እሑድ 3

አላበራሁትም። እጄን እያሳከከኝ ነው፤ ግን አላበራሁትም። በዚህ ዕድሜው ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ኮንደንሰሮች ደርቀው ወይም አብጠው ይሆናል። መጀመሪያ ጭምቱ ይየው።

ጭምቱ ያልነው ተማሪ ሳለን ነው፤ በቀን ከሦስት ቃል በላይ አይወጣውም ነበር። አሁን ሚስቱም በዋና ስሙ የምትጠራው አይመስለኝም። ሙያውን ባንድ ጠረጴዛ ላይ ተማርን፤ እሱ ወደ ጥገና ሄደ፣ እኔ ወደ ድምፅ ቀረጻ። የጠጋኞቹ መንገድ ላይ አሥራ አምስት ሱቅ አለ፤ አሥራ አራቱ ያቃታቸውን ዕቃ ደብቀው ይዘው የሚመጡት እሱ ጋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእሱ ሌላ ሰው ዕቃዬን ከፍቶት አያውቅም።

ረቡዕ 6

ሥራ ቦታ ትንሽ ሳቅን። አንባቢው ያነበበውን መጽሐፍ ሰምቼ መለስኩት፤ ግራው ደካማ ነው። አዲሷ ቴክኒሺያን የኮምፒዩተሩን ስክሪን አይታ፣ "ጋሼ፣ ሁለቱም እኩል ናቸው እኮ" አለችኝ። "በዓይንሽ አትስሚ፣ የኔ እመቤት" አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጇም ሳቀች።

እዚህ ቀረጻ ቤት መጨረሻ ላይ የምሰማው እኔ ነኝ። መጽሐፍም ይሁን ማስታወቂያ፣ መዘምራንም ይሁኑ ዘፋኝ፣ እኔ ተቀምጬ ሰምቼ "ይሂድ" ሳልል ከበር አይወጣም። ለዚህ ነው ዳኛው የሚሉኝ። ስሙ የጠጋኞቹ መንገድ ድረስ ተከትሎኛል፤ ዕቃ የሚገዛ ሰው "ዳኛው ሰምቶታል?" ብሎ ይጠይቃል አሉ። ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

ቅዳሜ 9

ጭምቱ ጨረሰ። ስምንት ኮንደንሰር ቀይሯል። በጠጋኞቹ መንገድ የቆየ ደንብ አለ፤ ከዕቃው የወጣ ነገር ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ዛሬ ብዙዎቹ ትተውታል፤ እሱ አልተወም። ስምንቱንም በወረቀት ፖስታ አድርጎ፣ በያንዳንዱ ላይ ከየት እንደወጣ በዚያ በጥቃቅን ጽሕፈቱ ጽፎ ሰጠኝ።

"እንዴት ነው?" አልኩት።

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ብቻ?"

"በጣም ጥሩ።" ከእሱ ይህ ንግግር ማድረግ ነው።

እሑድ 10

ባለቤቴ ፋርማሲዋ ዛሬ ተረኛ ስለሆነ ወጥታለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ወንበሬን መሃል አድርጌ ያን የሁለት እህትማማቾች ቅጂ ከፈትኩ። ከሃያ ዓመት በፊት እኔው የቀዳሁት ነው፤ ታላቂቱን በቀኝ፣ ታናሺቱን በግራ አቁሜ። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ትቀበላታለች። አሮጌው አምፕሊፋየሬ ከተቃጠለ ዓመት ስለሚሆን ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

ታላቂቱ እዚሁ ክፍል ውስጥ ቆማ ነበር። ትንፋሿ ይሰማል፤ የምላሷን ርጥበት ሳይቀር። እንባዬ መጣ። ታናሺቱ ተራዋ ሲደርስ ግን ሌላ ክፍል ገብታ በር የዘጋች መሰለኝ። ቃሉ አለ፤ ጥርሱ የለም። "ሰ" እና "ፀ" የሚባሉት ድምፆች ጭራሽ የሉም።

አዳዲሶቹ ኮንደንሰሮች እስኪላመዱ ይሆናል።

ሰኞ 11

አልተላመዱም።

ማክሰኞ 12

የግራውና የቀኙ አንድ አይደሉም። ከዚህ በላይ በግራ በኩል ቀጭን ፉጨት አለ። ይህ አዲስ ነው፤ አሮጌው አምፕሊፋየር ሳለ አልነበረም።

ለእንዲህ ያለ ነገር ያስተማሩን መላ አለ፤ ቀላል ነው። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄዱትን የግራና የቀኝ ገመዶች አለዋውጥ። ድክመቱ ወደ ቀኝ ከተዛወረ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ነው። ካልተዛወረ አምፕሊፋየሩ ነጻ ነው፤ ወደሚቀጥለው ሂድ።

አለዋወጥኩ። አልተዛወረም። ታናሺቱ ወደ ቀኝ መጥታ ቁልጭ ብላ ተሰማች፤ ታላቂቱ ወደ ግራ ሄዳ ጠፋች። ስፒከሮቹንም ቦታ አቀያየርኩ፤ ወገቤ ተቆረጠ። አሁንም ግራ።

ደክሞኝ ገመዱን መልሼ እዚያው ሰክቼው ይሆናል። ወይም ጥፋቱ ግራና ቀኙ በጋራ በሚጠቀሙበት የአምፕሊፋየሩ ክፍል ነው። ስፒከሮቹን አሥራ ስምንት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ክፍሉ ክፍሌ ነው። አዲስ የገባው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥፋተኛውም እሱ ነው።

ዓርብ 15

አምፕሊፋየሩን ካጠፋሁትም በኋላ ፉጨቱ አይጠፋም! ሶኬቱን ነቅዬ እራት በልቼ ስመለስ አሁንም አለ። ኮንደንሰር ኤሌክትሪክ ስለሚያጠራቅም ይሆናል። ይህን ያህል ሰዓት ግን?

ለዶክተሩ ደወልኩ። ነገ እመጣለሁ አሉ፤ ድምፃቸው ቅር ያለው ይመስላል።

ቅዳሜ 16

መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው እህትማማቾቹን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። "ሁለቱም እኩል ናቸው" አሉ። "እንዲያውም ከድሮው ይሻላል፤ ማነው የሠራልህ?"

"ዶክተር፣ ታናሺቱ አትሰማም እኮ።"

"እንዴት አትሰማም? ያቺ እዚያ ጋ" ብለው ጣታቸውን ወደ ግራ ቀሰሩ። ቀጥለውም መርፌዎቹን አሳዩኝ። እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይወድቃሉ። መርፌ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ምን ይታመናል! ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ጆሮስ ምን ይሰማል? አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት፤ ባለጌ አልባልም።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። "ስማ ልጄ፣ አርባ ዓመት የሰው አፍ አይቻለሁ። ግማሹ ሰው ይቺን ንቀልልኝ ብሎ የሚያሳየኝ ጥርስ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው ከጎኗ ያለው ነው። በሽተኛው ግን ይምላል" አሉኝ። ለምን እንዳነሱት አልገባኝም። አርጅተዋል።

ሰኞ 18

አምፕሊፋየሩን ወደ ጭምቱ መለስኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይኔ እያየ በቴስተር ለካው። ግራ፤ ቀኝ፤ ግራ፤ ቀኝ። ክዳኑን መልሶ በካቻቪቴ እያሰረ፣ "ጤነኛ ነው" አለኝ።

"አይሰማኝም እኮ እልሃለሁ!"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እንደገና ፈታው። አሳዘነኝ፤ ደግሞም ተናደድኩ። ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሐሙስ 21

ባለቤቴ ማዕድ ላይ ቦታዋን ቀይራለች። ከመስኮቱ በኩል ብርሃን ይሻለኛል ትላለች። ማታ ማታ ምን ብርሃን አለ? ሴት ልጅና ነገሯ።

የጻፍኩትን ሳነብ አንድ ነገር ሆዴ ገባ። የዚህ አምፕሊፋየር ድምፁን የሚያጎሉት ዋናዎቹ ትራንዚስተሮች አሁን አይመረቱም፤ ፋብሪካው ተዘግቷል። ኦሪጅናሉን ያገኘ ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚይዘው። በፖስታ የተመለሰልኝ ስምንት ኮንደንሰር ነው። ከዚያ ሌላ ያልተመለሰ ወጥቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ከፍቶ የሚያየው እሱ፣ ለክቶ ጤነኛ ነው የሚለው እሱ።

እንዲህ ማሰቤ ያሳፍራል። ጭምቱ እኮ ነው! ግን ሌላ ምን ቀረ? ሁሉን ነገር አንድ በአንድ አጣርቻለሁ። የሚቀር የለም።

ቅዳሜ 23

ሄጄ ተናገርኩ።

ለብቻው ልነግረው ነበር አሳቤ። ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር፤ መለዋወጫ ሻጩ አለ፣ ሁለት ጠጋኞች አሉ፣ ቴፕ ይዞ የመጣ ደንበኛ አለ። "ጭምቱ፣ ናማ ውጭ" ስለው "ይቺን ልጨርስ" አለ። ያ አበሸቀኝ። ደሜ ፈላ። "ኦሪጅናሉን አውጥተህ ፎርጅድ ከተህልኛል! ትራንዚስተሮቼን መልስ!" ያልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። መንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ ከየሱቃቸው ብቅ አሉ።

ጭምቱ የያዘውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ፊቱ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ከዚያ መለዋወጫ ሻጩ፣ "ዳኛው ከሰማ ሰምቶ ነው" አለ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ደንበኛው ዞሮ። ደንበኛው ቴፑን አነሳና ወጣ።

ጭምቱ አንድ ጊዜ ብቻ አፉን ከፈተ፤ "ሠላሳ ዓመት" አለ። ቀሪውን አልጨረሰም።

እውነት ተናግሬ ከሆነ ለምን ደረቴን ይወጋኛል?

ማክሰኞ 26

የሰማሁትን ልጻፍ። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ፤ ሁለቱ ድምፅ ቀራጮች ውጭ እጃቸውን ይታጠባሉ። አንዱ፣ "የዳኛው ሥራ ሰሞኑን ሁሉም ወደ ግራ ያደላል፤ አስተውለሃል?" አለ። ሌላው፣ "ከሰሞኑ ነው እንዴ? ልጅቷ ነች የምታቃናው" አለው። ውሃው ተከፈተ፣ የቀረውን አልሰማሁም።

ሄድፎናቸው የተበላሸ ነው። ሄድፎን ይቀየርላቸው ብዬ ለሥራ አስኪያጇ ማመልከቻ ጻፍኩ።

ሐሙስ 28

በጠጋኞቹ መንገድ አላልፍም፤ በላይኛው በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። መለዋወጫ ሻጩ አውቶቡስ ላይ አገኘኝ። ሰዉ ዕቃውን ከጭምቱ እየወሰደ ነው አለኝ። ያልተሠራውንም፣ እንደተፈታ በካርቶን አድርጎ። "ደግ አደረግክ፤ ስንት ዓመት ሲያታልለን ኖሯል!" አለኝ። እኔ ያልኩት አንድ አምፕሊፋየር ነው። ስንት ዓመት አላልኩም! ልለው ነበር፤ ፌርማታዬ ደረሰ።

እሑድ 1

ቅዳሜ ዕለት ምንም አልጻፍኩም፤ ዛሬም ባልጽፍ በወደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ነው። እህትማማቾቹን ከፍቼ ከኋላ ያለውን የቅጂ መደርደሪያ ሳስተካክል ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ለስፒከሮቹ ጀርባዬን ሰጥቼ።

ታናሺቱ ዘፈነች።

ቁልጭ ብላ! ሃያ ዓመት ወደ ኋላ፤ "ሰ"ው፣ "ፀ"ው፣ ከመጀመሯ በፊት የምትስባት ትንፋሽ። ተበላሽቶ የነበረው ራሱ ተሠራ ብዬ ዘልዬ ዞርኩ። ጠፋች። ጀርባዬን ሰጠሁ፤ መጣች። ዞርኩ፤ ጠፋች። ገመድ አልነካሁ፣ ስፒከር አልነካሁ። የተለዋወጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቴ ስትገባ ወለሉ ላይ እንደ ሕፃን እሽከረከር ነበር። "ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ።

"መርፌ ወደቀብኝ" አልኳት። መርፌ መች ይዤ አውቃለሁ።

ሐሙስ 5

ስልኩን በግራ ጆሮዬ ያዝኩት። ባለቤቴ ከፋርማሲ ስትናገር ማን እንደሆነች ይታወቃል፤ የምትለው አይታወቅም። ወደ ቀኝ አዛወርኩት። "ትሰማኛለህ?" እያለች ነበር።

ፉጨቱ አሁንም አለ። አምፕሊፋየሩን ከነቀልኩት አራት ቀኑ ነው።

ሰኞ 9

የጭምቱ ሚስት ቤቴ መጣች። ልብስ ሰፊ ነች፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ጣለች ነው የመጣችው፤ ከሥራዋ ብድግ ብላ። ልትሳደብ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ ብትሳደብ ምን ነበረበት።

"ወንድሜ፣ ላስቸግርህ አይደለም" አለች። "ሰው ዕቃውን ወሰደ፤ ይውሰድ። እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። የዚያን ዕቃህን የውስጥ ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ይውላል። 'እሱ ግራው አይሰማም ካለ አይሰማም፤ የሱ ጆሮ አይሳሳትም፤ አንድ ቦታ አበላሽቻለሁ' ይላል። ትራንዚስተሩን አልወሰደም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ግን ምኑ ጋ እንደተሳሳተ እባክህ ንገረው። ካወቀ ይተኛል።"

ምኑ ጋ እንደተሳሳተ!

ወለሉን አየሁ። ሶፋው ላይ ከግራዬ ነበር የተቀመጠችው፤ እንድሰማት ዞሬ ፊት ለፊት ማየት ነበረብኝ፤ ማየት ደግሞ አልቻልኩም። "እሺ እህቴ፣ አየዋለሁ" አልኳት። አየዋለሁ! ከዚህ በላይ የወረደ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። መርቃኝ ሄደች።

ለምን አልነገርኳትም? አንዲት ቃል ነበረች። እሷን ብነግር ጭምቱ ይሰማል፤ ጭምቱን ነጻ ለማውጣት መንገዱ ሁሉ መስማት አለበት፤ መንገዱ ከሰማ ነገ ቀረጻ ቤቱ ይሰማል። ከዚያ እኔ ማን ነኝ? ዳኛው ያሉኝ በጆሮዬ ነው። ሌላ ሙያ የለኝም፤ በሃምሳ አራት ዓመቴ ሌላ ሙያ አይጀመርም። ይኸው ነው እውነቱ። የእሱን ስም ሸጬ የእኔን ጆሮ እየደበቅኩ ነው።

ረቡዕ 11

የጆሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ለማንም ሳልናገር። ድምፅ በማይገባበት ትንሽ ክፍል አስቀመጡኝ፤ የቀረጻ ቤት ክፍል ይመስላል፤ ስትሰማ ይህን ተጫን ብለው ቁልፍ ሰጡኝ። በቀኝ ጆሮዬ እየሰማሁ ስጫን ስጫን ቆየሁ። ቀጥሎ በግራ አንድ ሁለት ወፍራም ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ረጅም ጸጥታ ሆነ። ቀጭኑን ገና አልጀመሩም ብዬ ስጠብቅ ነርሷ በር ከፍታ፣ "ጨርሰናል፤ ይውጡ" አለችኝ።

ሐኪሙ ነርቩ ነው አለ። ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ ይዟል፤ ቀጭኑ ሄዷል፤ አይመለስም። "መቼ ጀመረዎት?" አለኝ። አምፕሊፋየር ከገዛሁ ወዲህ ልለው ነበር።

"ከመንፈቅ በላይ ሳይሆነው አይቀርም" አልኩት። በቶሎ ቢመጡ ኖሮ፣ ብሎ ሳይጨርሰው ወረቀቱን ሞላ።

ዓርብ 13

ሥራ አስኪያጇ ጠራችኝ። ትልቅ ሥራ መጥቷል፤ አርባ መጻሕፍት፣ ለዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት። "የመጨረሻውን ከእርስዎ ሌላ ማንም እንዲሰማው አልፈልግም" አለችኝ። ልናገር ነበር። "እሺ" አልኩ።

ቅዳሜ 14

እስከ መንገዱ መግቢያ ሄጄ ተመለስኩ። ሱቁ ክፍት ነው፤ ከሩቅ ጀርባውን አየሁት። ፈሪ ነኝ። ይህን በቀለም ጽፌዋለሁ።

ማክሰኞ 17

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ሐኪሙንም፣ ጭምቱንም።

"ስንት ጊዜ ነው ከቀኝህ መቀመጥ ከጀመርኩ?" አለችኝ።

"ታውቂ ነበር?"

"ሰውዬ፣ መድኃኒት የምሸጥ ሴት እኮ ነኝ። ሁለቴ ጆሮህን ለሐኪም አሳይ ብዬህ ሁለቴ ጮህክብኝ። ሦስተኛውን ፈራሁህ።" ከዚያ አለቀሰች። "እኔን ጮህክብኝ፤ ይሁን። በዚያ ሰው ግን ምን ቆርጦህ?"

እጇን ያዝኩ፤ አልነጠቀችኝም።

ረቡዕ 18

ለሥራ አስኪያጇ ነገርኩ። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ብቀመጥ የማልጨርሰው መስሎኝ። ያለፈው ዓመት ሥራ ሁሉ እንደገና ይሰማ አልኳት፤ ወደ ግራ ያደላ ነው።

ልጅቷን አስጠራች። ልጅቷ ገብታ አንገቷን ደፍታ ቆመች። "የወጣ የተበላሸ የለም" አለች። "ጋሼ ከፈረሙ በኋላ እያንዳንዱን አቃንቼዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገባሁ ጀምሮ። ሰባት ወር።"

በሁሉም ፊት በዓይንሽ አትስሚ ያልኳት ልጅ ነች። ምነው ሳትናገሪ ብላት፣ "እንዴት ብዬ?" አለችኝ። አርባዎቹን መጻሕፍት እሷ ትሰማለች። እኔ ከሰኞ ጀምሮ የድሮ ቅጂዎች መዝገብ ላይ ነኝ። ተገቢ ነው። ወደ ቤት ስሄድ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ።

ቅዳሜ 21

ሄድኩ።

ሰው የሚበዛበትን ሰዓት መረጥኩ፤ ያን ዕለትም ሰው በሞላበት ነው የተናገርኩት። የጭምቱ መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነው። እሱ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የልብስ ካውያ ይፈታ ነበር። በዚያ መንገድ ካውያ የሚጠግነው ሥራ ያጣ ሰው ነው።

ሱቁ ውስጥ አልገባሁም። መንገዱ መሃል ቆምኩና ጮክ ብዬ፣ "ስሙኝማ!" አልኩ። "ከወር በፊት እዚህ ቆሜ ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። ከዕቃዬ ምንም አልተወሰደም። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የሠራውም አሳምሮ ነው የሠራው። የተበላሸው የእኔ ጆሮ ነው። ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ሐኪም አይቶታል። ይህን ካወቅኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ እንጀራዬን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።"

አንዱ፣ "ዳኛው ደነቆረ በሉኛ!" አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። መለዋወጫ ሻጩ ዓይኑን ሰብሮ ወደ ሱቁ ገባ።

ጭምቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ ትከሻችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በጎን አየሁት፤ ጥቂት ቃል ነው። ከዚያ ጠበቀኝ። መንገዱ ሁሉ እኔን ያያል፤ ምን እንደምመልስ።

የቆመው በግራዬ በኩል ነበር። ዘንድሮ ስንቱን ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ አሳልፌዋለሁ፤ እሺ፣ ልክ ነው፣ እንዲያ ነው እያልኩ። አሁንም አንገቴ ሊነቃነቅ ነበር።

"አልሰማሁህም" አልኩት። "በዚህ በኩል ዙርና ድገምልኝ።"

አየኝ። ይቅርብህ ብሎ የሚለምነኝ ዓይነት አስተያየት ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። ዞረ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም፤ ዛሬ ከፍ አደረገው፤ እንድሰማ ብሎ።

"ይቅር ብዬሃለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ደጄ አትምጣ።"

መንገዱ ሁሉ ሰማ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ የነገረኝ ሌላ ሰው እንዳይሰማብኝ ብሎ ነበር።